አሜን የሚያሰኘው ዘንዶ

ጋሼ እኔን ሲያዩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ድሮ አይጠርጉም ነበር። ከእናቴ ጋር ሲያወሩ አይጠርጉም፤ ከውኃ ቆጣሪ አንባቢው ጋር ሲከራከሩም አይጠርጉም። እኔ በግቢው በር ስገባ ግን እጃቸውን ወደ አፋቸው ያስጠጉና ሁለት ጊዜ እህ እህ ይላሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን አሳንሰው «ደህና ዋልሽ?» ይሉኛል። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳመጣሁት መጻፍ ከጀመርኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የሁለቱን ቀን ቀድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም በሁለቱም ራሴን ከሆንኩት ትንሽ የተሻልኩ ሰው አስመስዬ ነበር።

የምንኖረው አፍንጮ በር፣ አምስት ቤት ያለበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። የጋሼ ቤት ከሁሉም ዝቅ ይላል። መንገዱ በተጠገነ ቁጥር ከፍ እያለ ሄዶ፣ አሁን ወደ እሳቸው ደጅ ሦስት ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባ ከግድግዳው ሥር ውኃ ይመነጫል፣ ኖራው አረንጓዴ ያወጣል፣ ቤቱ እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል። ጋሼ ፒያሳ ውስጥ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። የራሳቸው ሱቅ ኖሯቸው አያውቅም፤ ከሱቆቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ለሌላ ሰው ቀለበት ሲሠሩ አረጁ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ከውኃ ሥር የሚመጣ ይመስላል፤ አንዳንዱ ቃል መሐሉ ላይ ይሰበርና ፉጨት ብቻ ይሆናል። ልጅ ሆኜ የሰው ሁሉ ድምፅ ሲያረጅ እንደዚያ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

ግቢያችን የሚመረቀው በዚህ ድምፅ ነው። ልጅ ሲወለድ ጋሼ ይመርቃሉ፤ ሰው መንገድ ሲሄድ ጋሼ ይመርቃሉ፤ የዝክር ዳቦ ሳይቆረስ ጋሼ ይመርቃሉ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልሄድ በተነሳሁበት ጠዋት ደረጃውን ወርጄ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ሁለት መዳፋቸው ጭንቅላቴ ላይ እንዳለ «የጻፍሽው ይጽናልሽ፣ የረሳሽው ይምጣልሽ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። አሜን ብዬ ሄድኩ፤ አለፍኩም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው ነገር ምን እንደነካ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ጨዋታውን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ሰሌዳም ካርታም የለውም። አንድ ሰው ተራኪ ይሆንና ዓለሙን፣ ጫካውን፣ ጭራቁን በአፉ ይፈጥራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ጀብደኛ ነፍስ ይለብሳሉ። «በሩ ተዘግቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል ተራኪው። አንዱ እሰብረዋለሁ ይላል፣ አንዱ ቁልፉን እሰርቃለሁ ይላል፤ መሳካቱን ሃያ ጎን ያላት፣ በየጎኗ ቁጥር የተጻፈባት የዕጣ ጠጠር፣ ዳይስ፣ ትወስናለች። እኛ አራት ነበርን፣ ሁላችንም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች። አንደኛው ተወልዶ ያደገው ፒያሳ ነው፤ እሱንም ፒያሳ እያልን እንጠራዋለን፤ አፉ አያርፍም፤ በጨዋታው ሌባ ነበር። ሁለተኛዋ ረጅም፣ የመምህራን ልጅ፣ እሑድ ጠዋት ቸርቿ ውስጥ የምትዘምር፤ እሷ ተዋጊ ነበረች። ሦስተኛው ዝምተኛ ነው፤ አስማተኛ ሆኖ በሳምንት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ማስታወሻ አያያዝሽ ጥሩ ነው ብለው ተራኪ እኔን አደረጉኝ። እኔም የተሰጠኝን ሥራ አሳምሬ የምሠራ፣ ሰው ሲደሰትብኝ ሌት ተቀን የማልጠግብ ዓይነት ልጅ ነኝ።

ቦታ አልነበረንም። ኬክ ቤት ተቀምጦ በአንድ ሻይ ሦስት ሰዓት መዋል አስተናጋጇን ያስቆጣል፤ የእኛ ቤት ደግሞ አንድ ክፍል ነው። ጋሼን ጠየቅኋቸው።

«ጥናት ነው?» አሉኝ።

«ጨዋታ ነው ጋሼ።»

«ቁማር?»

«ኧረ አይደለም! ተረት ነው። ግን ተረቱ ውስጥ ገብተው ይጫወቱታል።»

«ተረት ከሆነማ ግቡ» አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እሳቸው ፒያሳ ወጥተው ከቀድሞ የሥራ ጓደኛቸው ጋር ማኪያቶ ይጠጣሉ፤ እኛ ቤታቸው እንገባለን። ቁልፉን ሲሰጡን ሁልጊዜ ደጁ ላይ ያቆሙንና ይመርቁናል። «ገብታችሁ ውጡ። የጀመራችሁትን ያስጨርሳችሁ። ነገር ከመሐላችሁ ይራቅ።» እኛም በየመሐሉ አሜን እንላለን። ዝምተኛው ሳይቀር።

ግድግዳቸው ላይ ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አለ። አንድ ቀን ከሥሩ ቆመን ሲያዩን «እናንተ የምትጫወቱት የትኛውን ነው? ከላይ ያለውን ነው ከሥር ያለውን?» ብለው አሳቁን። ሌላ ቀን ደግሞ ዳይሱን በስልክ ስንጥል አዩ። «ስልክ የሚጥለውን ዕጣ ሰው እንዴት ያምናል?» አሉና ስንት ጎን እንዳለው ጠየቁ። ሃያ ስንላቸው «ስድስት አይበቃም?» ብለው ሄዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአሮጌ ቧንቧ መክፈቻ ናስ አውጥተው፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ሞርደው ሞርደው፣ ከአውራ ጣቴ ጫፍ ትንሽ የምትተልቅ ባለ ሃያ ጎን ዳይስ ሠርተው ሰጡን። ቁጥሮቹን የጻፉት በግዕዝ ነው፤ ከ፩ እስከ ፳። የፒያሳው ልጅ የግዕዝ ቁጥር የተማረው ከእሷ ላይ ነው። አንድ ወገኗ ስለሚከብድ ፲፯ ትወድ ነበር። «ጋሼ ለእኛ አድልተው ነው የሠሯት» ይል ነበር ፒያሳ፣ እየሳማት።

እንግዲህ ዘንዶው ወደ መጣበት ቀን ደረስኩ።

ከፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተምናት የጭራቆች መጽሐፍ አለችን፤ ሥዕሎቿ ጥቁር በጥቁር ሆነው የወጡ። ከዚያ ውስጥ የረግረጉን ዘንዶ መረጥኩ። እንደ ሌሎቹ ተራራ ላይ ሆኖ አይኮራም፤ እሳት አይተፋም። ጭቃ ውኃ ውስጥ ተኝቶ፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል። ፊቱ ሥጋ የሸሸው የራስ ቅል ነው፤ ቀንዶቹ ወደ ፊት ይታጠፋሉ። የሚተፋው አሲድ ነው። የገደለውን ወዲያው አይበላም፤ ረግረጉ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። የሰመጡ ከተሞችን ወርቅ ይሰበስባል። ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ከመዋጋቱ በፊት ማውራት ይወዳል።

ዋሻውን ለመተረክ ብዙ አላሰብኩም፤ ቀና ብዬ የተቀመጥንበትን ክፍል አየሁ። አረንጓዴውን ግድግዳ፣ ከሥር የሚመነጨውን ውኃ፣ በቆርቆሮ ጣሳ የተቀመጡትን የዛጉ መሣሪያዎች። ሁሉንም ለዘንዶው ሰጠሁት። ድምፁ ግን እምቢ አለኝ። መጀመሪያ ወፍራም አድርጌ ሞከርኩ።

«ይሄ ዘንዶ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አለ ፒያሳ። «ዝንጅብል ስጡት!»

ሁሉም ሳቁ፤ በዘንዶው ሳይሆን በእኔ። ጆሮዬ ጋለ። ያኔ የጋሼን ድምፅ አወጣሁ። አምልጦኝ ነው ብዬ የጻፍኩት ትናንት የቀደድኩት ወረቀት ላይ ነው። አላመለጠኝም። ልጅ ሆኜ መስታወት ፊት ስለማመደው የኖርኩት ድምፅ ነበር፤ የት እንዳስቀመጥኩት አውቅ ነበር፤ ሄጄ አነሳሁት።

 ከዚያ ፒያሳ ከወንበሩ ወረደ። «አቦ አንቺ ቀውጢ ነሽ! ጋሼን ቁጭ!» ዝምተኛው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም እሱን ማሳቅ መቻሌን ሳይ ማቆም አቃተኝ። ዘንዶው ከውኃው አንገቱን አወጣ፣ ሁለት ክንፎቹን እንደ መዳፍ ዘረጋ፣ መመረቅም ጀመረ።

«ደኅና መጣችሁ ልጆቼ። ሥጋችሁን ያለምልመው።»

«አሜን!» አሉ።

«አጥንታችሁን ያለስልሰው።»

«አሜን!»

«ከውኃዬ ሥር ብዙ ዘመን ያሰንብታችሁ።»

«አሜን!» ሲሉ አሲዱ ወረደባቸው።

እዚያው በዚያው ሕግ አወጣሁ። ይህ ዘንዶ ሲመርቅ ጀብደኞቹ አሜን ላለማለት ዳይስ መጣል አለባቸው። ከ፲፭ በታች ከመጣ አፋቸው በራሱ አሜን ይላል፤ አሜን ያለ አንድ እርምጃ ወደ ረግረጉ ይገባል። ከየትኛውም መጽሐፍ ያልወሰድኩት፣ የራሴ ፈጠራ ነበር። ማንም ሰው መዳፍ ተዘርግቶለት ሲመረቅ ዝም ብሎ መቆም እንደማይችል ስለማውቅ፣ ከግቢዬ የወሰድኩት። በጣም ኮራሁበት። በዚያ ሳምንት ክፍል ውስጥ ሳይቀር ፒያሳ ሲያገኘኝ መዳፉን እየዘረጋ «ያሰንብትሽ!» ይለኝ ነበር።

ረጅሟ ልጅ ያን ቀን እስከ ታክሲው ድረስ ስሸኛት «ይሄ ነገር ደስ አላለኝም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ቤታቸው ተቀምጠን ሙድ መያዛችን።»

«ሙድ አይደለም፤ በፍቅር እኮ ነው። ማንን እንደሳቸው እወዳለሁ?»

«እሳቸው ፊት ታደርጊዋለሽ?»

«ለምን አላደርገውም?» አልኳት። እንደማላደርገው እያወቅሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ቁልፉን ይዘው መዳፋቸውን ሲዘረጉ የፒያሳው ልጅ የመጀመሪያውን አሜን ከሚገባው በላይ ጮኾ አለው። የእኔ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ዝምተኛው ወደ ግድግዳው ዞረ። ጋሼ አዩንና ፈገግ አሉ፤ የደስታ ሳቅ መስሏቸው። «ሳቅ አይንሳችሁ» ብለው መረቁን። ስለዚያ ቀን ሳስብ የማልችለው ይቺን ምርቃት ነው። አንድም ሰው አሜን ማለት አልቻለም፤ ሳቃችንን አፍነን ነበር።

ዘንዶውን ለአምስት ቅዳሜ አቆየሁት። በሁለት ቀን የሚሞት ጭራቅ ነበር፤ እኔ ግን ስለተወደደልኝ እንዲያመልጥ፣ እንዲሰምጥ፣ ተመልሶ እንዲመጣ አደረግሁት። በየሳምንቱ አንድ ነገር ጨመርኩለት፦ የጋሼን ሳል፣ ቃል ሲሰበርባቸው ትንሽ ቆም ብለው እንደገና የሚጀምሩትን፣ «እ?» እያሉ ጆሯቸውን የሚያዘነብሉትን።

አምስተኛው ቅዳሜ ሰኔ መግቢያ ላይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ ወረደ፤ ቆርቆሮው ሲጮኽ ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ዘንዶው ሌባውን ብቻውን አግኝቶታል። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ደብተሬ ላይ ስጽፈው ነው የሰነበትኩት። ያን ቀን ዳይሷ ፲፯ን ረስታ፣ ፒያሳ በጣላት ቁጥር ከ፲፭ በታች ይመጣበታል፤ አሜን እያለ፣ አንድ እርምጃ አንድ እርምጃ እየገባ፣ ውኃው አንገቱ ደረሰ። ሁላችንም በሳቅ ሞተናል። ረጅሟ ልጅም በዚያ ቀን ስቃለች፤ ይህን የምጽፈው እሷን ለመክሰስ ሳይሆን፣ እሷን እንኳ ያሳቅኋት መሆኔን ለማመን ነው። በመጨረሻ አሲዱን ተፋሁበት። ያን ጊዜ ረጅሟ መጸዳጃ ቤት ልትሄድ በሩን ከፈተች፤ ከፍታም እዚያው ቆማ ቀረች።

ጋሼ ደጁ ላይ ቆመዋል። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ግድግዳውን ተጠግተዋል፤ ጠርዙ ግን አጭር ስለሆነ ግራ ትከሻቸው በስብሷል። ጓደኛቸው ስላልመጡ ቶሎ ተመልሰው ነበር። የራሳቸውን በር ያላንኳኩት ጨዋታችንን እንዳያቋርጡ ነው።

 ከኮታቸው እጅጌ ውኃ ይንጠባጠባል።

እህ እህ አሉ። «ጨረሳችሁ?» አሉ ከዚያ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጨርሰናል ጋሼ፤ ይግቡ፣ ይግቡ» አልኩና ደብተሬን ዘጋሁ። እንደ ሌባ ነበር የዘጋሁት። የመጀመሪያው እህ እህ ያ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁልፉን ሰጡን፤ አልመረቁንም። አራታችንም እንደ ልማዳችን ደጁ ላይ አንገታችንን ደፍተን ቆመን ነበር። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጃንጥላቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ። ሰው ተሰልፎ ሳለ የሚዘጋ መስኮት አይታችሁ ከሆነ እንደዚያ ነበርን።

«ረስተውት ነው» አለ ፒያሳ፤ ድምፁ ግን እሱም አላመነውም።

ያን ቀን አልተጫወትንም። ራሴን አሞኛል ብዬ በተንኳቸው።

በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ያስቀየመ ሰው ሽማግሌ ይልካል። የግቢያችን ሽማግሌ ደግሞ እሳቸው ናቸው። እናቴ ብትሄድልኝ ምን እንዳደረግሁ ልነግራት ነው፤ ያንን አልፈለግሁም። ለእናቴ ጎበዝ ልጅ ነኝ፤ ለግቢው ሁሉ ጎበዝ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ማክሰኞ ከትምህርት ስመለስ ብቻዬን ወረድኩ። ዳይሷን በመሐረብ ጠቅልዬ ይዤ ነበር።

ጋሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ሲያዩኝ አጠፉት፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» ብዬ ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝ።

«ተነሽ፤ ወለሉ እርጥብ ነው።»

ተነሳሁና ቆምኩ።  ዳይሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አላዩዋትም።

«ዘንዶሽ የሚተፋው ምንድን ነው ያልሽው?» አሉኝ።

«አሲድ።»

 ከዚያ ትንሽ ሳቅ የመሰለ ፉጨት ከደረታቸው ወጣ። «ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ማንም፤ መጽሐፉ ላይ ነው ያለው።»

«ቀለበት ከእሳት ሲወጣ ይጠቁራል» አሉ። «አሲድ ውስጥ ትነክሪዋለሽ፤ ያን ጊዜ ይጠራል። ጢስ ይነሳል፤ ቢጫ ነው። ወርቅ ያለበት ክፍል ደግሞ መስኮት አይደረግለትም፤ ሌባ አለ። እኔ ያንን ጢስ ሠላሳ ዓመት ጠጣሁት። ጉሮሮዬ ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። ልጅ ሆኜ ቅኔ ማሕሌት እቆም ነበር፤ ድምፄ መልካም ነው ይሉኝ ነበር።»

 «አላወቅሁም ነበር» አልኩ። እውነት ነው፣ አላወቅሁም። ባውቅስ እተወው ነበር ወይ? ያን ሳቅ ትቼ? ይህን ጥያቄ እስካሁን ለራሴ አልመለስኩም።

«እስቲ አሰሚኝ» አሉ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ድምፁን። በዝናቡ ጥሩ አድርጌ አልሰማሁትም።»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። የራሴ ድምፅ እንኳ አልወጣም። እያዩኝ ጠበቁ፤ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው፣ ዘንዶው እንደሚያዘነብለው፤ አይ፣ እሳቸው እንደሚያዘነብሉት።

«ለእነሱ ወጥቶ ለእኔ እምቢ አለ?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው የማልረሳው። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሥዕሉ አዞሩ። «ዘንዶ ብትይኝ አልከፋም። ዘንዶማ ይኸው ስንት ዘመን አብሮኝ ይኖራል። የከፋኝ ሌላ ነው። ደጅ ቆሜ፣ ዝናቡ እየጮኸ፣ ‹ያሰንብትህ› የሚል ሰማሁ። የሚመርቅ ሽማግሌ የመጣባችሁ መስሎኝ፣ ኮፍያዬን አውልቄ አሜን አልኩ። ሁለት ጊዜ አልኩ። በሦስተኛው ነው የገባኝ።»

 እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ ቶሎ ብለው፣ ሰው ሲያለቅስ ማየት እንደማይወድ ሰው። «ዳይሷን ያዢ፤ እኔ ምን አደርግባታለሁ። ሂጂ፣ ፈተናሽ ደርሷል፣ አጥኚ።»

ይቅር ተባልኩ፤ ቀላል ነበር። ግን ሲሸኙኝ እንደገና እህ እህ አሉ፤ ደረጃውን ስወጣም ከኋላዬ ምርቃት አልመጣም።

ቅዳሜ ለጓደኞቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፒያሳ «ሼም ነው» አለና ጫማውን አየ። ጨዋታውን ግን እንጨርሰው አሉ፤ ዘንዶው መሞት አለበት። ተረክሁላቸው፤ በራሴ ድምፅ፣ ደብተሬ ላይ እንዳለው። ዘንዶው አልተናገረም፣ አልመረቀም። ረጅሟ በጦር ወጋችው፤ ዳይሷ እንደ ልማዷ ፲፯ አወጣች፤ ረግረጉ ጥቂት ፈላና ረጋ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጨበጨበም። «በቃ?» አለ ዝምተኛው። በቃ አልኩት። ሰውን ሳላስደስት የዋልኩበት የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ ይገባኛል።

ያን ወር የጊዮርጊስ ዝክር የእኛ ቤት ተራ ነበር። እናቴ ትልቅ ዳቦ ጋገረች፤ ጠላው ቀረበ፤ አምስቱም ቤት ክፍላችን ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ዳቦው ጋሼ ፊት ቀረበ፤ ሁሉም ተነሳ።

ጋሼ አልተነሱም። እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው «ዛሬ አሞኛል» አሉ። «ሌላ ሰው ይመርቅ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ያለ እርስዎማ አይሆንም» አለች ከጎናችን ያለችው ጎረቤት።

«ድምፄም አያምርም» አሉ። «ለምን ዳቦውን አበላሸዋለሁ።»

ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። የጎረቤታችን ባልና ሌሎቹ ወንዶች አንተ ሞክር፣ አይ አንተ ሞክር እየተባባሉ ይገፋፉ ጀመር። እኔ በሩ አጠገብ ብርጭቆ ይዤ ቆሜያለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ የግቢው ምርቃት በዚያ ቀን ያበቃና ምክንያቱ እርጅና ይባል ነበር።

«አላመማቸውም» አልኩ።

እናቴ ዞረች። «ምን አልሽ?»

«ጋሼን አላመማቸውም። እኔ ነኝ። ቤታቸውን ለጨዋታ ሰጥተውን፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ድምፃቸውን ለጭራቅ ሰጠሁት። ምርቃታቸውን ለዘንዶ ሰጥቼ ጓደኞቼን አሳቅሁበት። እሳቸው ደጅ ሆነው ሰሙ። ለዚህ ነው የማይመርቁት።»

«ምን ትላለች ይቺ?» አለች ጎረቤታችን። «ዘንዶ?»

እናቴ አልጮኸችም። እጇ ላይ የነበረውን ቢላ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «በዚያ ድምፅ ነው እኮ አንቺ ስትወለጂ የተመረቅሽው» አለች። 

ጋሼ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ተነሱ፤ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው። «ዳቦው ይቀዘቅዛል» አሉ።

መዳፋቸውን ዘረጉ። ሲጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የመጀመሪያዋን ምርቃት ዝቅ አድርገው አሏት፤ አምስቱ ቤት አሜን አለ። ሁለተኛዋ ላይ ቃሉ መሐሉ ላይ ተሰበረና ፉጨት ሆነ። ቆም አሉ።  እንደገና ጀመሩት፣ በዚያ በሻካራው፣ ከውኃ ሥር በሚወጣው፣ ሙሉ በሆነው ድምፃቸው። ታማሚውን፣ መንገደኛውን፣ የሌለውን ሁሉ መረቁ። የእኔ አፍ አሜን ለማለት ሲከፈት አፈርኩበት፤ የማንን ምርቃት ነው የምቀበለው አልኩ፤ ግን አልኩት፤ ዝቅ አድርጌ።

አሁን ክረምት ገብቷል፤ ፈተናው አልቋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፉን መስጠት አላቆሙም። ትናንት ስወስድ ደጁ ላይ ብቻዬን ነበርኩ፤ ሌሎቹ ገና ታክሲ ላይ ናቸው። እህ እህ አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ሳይዘረጉ፣ ቁልፉን እንደያዙ፣ «ገብታችሁ ውጡ» አሉኝ፤ ያቺን ብቻ።

«አሜን» አልኩ።

ወዲያው አልሄዱም። ወርቅ ሠሪ ቀለበቱን ድንጋይ ላይ ፈትጎ መልኩን እንደሚያይ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው አሜኔን ትንሽ አዳመጡት። እውነተኛ ይሁን አይሁን የነገሩኝ ነገር የለም። ቁልፉን ሰጡኝና ጃንጥላቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ።